የ«መኪና ግርግር»ን ስም የምታሰማ መኪና፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከቀትር በኋላ በሐረር፣ በፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ቁልቁል የሚወርደው ጠባብ መንገድ በሚጀምርበት ቦታ ቆሜ ሳለ፣ ከሌላ ከተማ የመጡ ሁለት ጎብኚዎች «መኪና ግርግር የሚባለው የት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የቆምነው በአፉ ላይ መሆኑን ስነግራቸው አንደኛው ወደ አደባባዩ ዞረው የተደረደሩትን ባጃጆች ተመለከቱና «ገባኝ፤ መኪናው ስለሚተራመስበት ነው» አሉ። እኔም ስሙ የስፌት መኪናን እንጂ የሚነዳውን መኪና እንደማይመለከት፣ ግርግር የተባለውም በጨርቅ ሱቆቹ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰፊዎች የሚያሰሙት የመኪናቸው ድምፅ እንደሆነ አስረዳሁ። ሰውየው ለአፍታ ጆሯቸውን ጥለው ካዳመጡ በኋላ በትሕትና «የሚሰማኝ ግን ግርግር አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ይሰማ የነበረው የስፌት መኪኖቹ ቀጭን የሞተር ፉጨት ነው።

ይህ ነገር ማታም አልተወኝም። ሐረር በስም ረገድ እንግዳን ማደናገር ልማዷ ነው፤ ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት ሲሆን ዛሬ ፈረስ አይሸጥበትም። ሆኖም ፈረስ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስለሌለ የቀድሞውን ገበያ መገመት አያስቸግርም። መኪና ግርግርን ግን ቃሉ ራሱ ያሳስታል። ከጣሊያንኛው «ማኪና» የመጣው ቃላችን የጽሕፈት መኪና፣ የስፌት መኪና፣ የሥጋ መፍጫ መኪና በምንልበት ጊዜ የጥንት ፍቺውን ይዞ ይገኛል፤ ብቻውን ሲነገር ግን በሁሉም ሰው አእምሮ ውስጥ አራት ጎማ ያለው ብቻ ይመጣል። በዚህ ላይ ድምፁ ከጠፋ ለስሙ የሚመሰክርለት ምንም አይቀርም።

በመንገዱ አጋማሽ ላይ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰፊ ከሱቁ ጓዳ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቆመች በእግር የምትረገጥ መኪና እንዳለቻቸው አውቃለሁ። ልጠግናትና በረንዳው ላይ ላቆማት፣ አላፊ አግዳሚውም ረግጦ እንዲያስጮኻት ላደርግ አሰብኩ። ሰሌዳ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን በጆሮ የወጣን ስም በዓይን ማስረዳት ትርፉ ድካም ይመስለኛል።

ጥቅምት 17

ሽማግሌው ሐሳቤን ሰምተው ሲያበቁ «ውሰዳት፤ ከተናገረች የአንተ ሙያ ነው፣ ካልተናገረች ግን መልሰህ እዚያው ጓዳ ታስገባታለህ» ብለው ፈቀዱልኝ። ጭንቅላቷንና የብረት እግሯን ለየብቻ አድርገን እስከ አደባባዩ በአህያ፣ ከዚያ ሸንኮር እስከሚገኘው ሥራ ቤቴ ደግሞ በባጃጅ አደረስናት። ጭንቅላቷ ብቻ ከ12 ኪሎ በላይ ስለሆነ፣ የብረቱ እግርም ከዚያ እጥፍ ስለሚመዝን፣ ነገሩ የአንድ ሰው ሸክም አይደለም።

መኪናዋ ሲንጀር ናት። የጠረጴዛዋን እንጨት ምስጥ ጨርሶት ከሁለቱ መሳቢያዎች አንዱ ብቻ ቀርቷል፤ የብረት እግሯ ግን፣ የኩባንያው ስም በመካከሉ በቀለጠ ብረት የተሠራበት፣ ከላይ ዝገት ቢያለብሰውም ስንጥቅ የለበትም። በመደቧ ቀኝ ጠርዝ ላይ የተቀረጸው ቁጥር «ዋይ» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ይህ ምልክት በስኮትላንድ በክላይድባንክ ከተማ በነበረው የሲንጀር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1935 ድረስ ለተሠሩት መኪኖች የተሰጠ ነው። በአጭሩ ከእኔም፣ ከባለቤቷም ዕድሜ ትበልጣለች።

ስለ ፋብሪካው ሳነብ አንድ የሚያስገርም ነገር አገኘሁ። ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1885 ተከፍቶ በ1980 የተዘጋ ሲሆን፣ በአጠገቡ የነበረው የባቡር ጣቢያ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ሲንጀር» ነው የሚባለው። የስፌት መኪና በማይሠራበት ቦታ ተሳፋሪው በየቀኑ «ሲንጀር እወርዳለሁ» ይላል ማለት ነው። መኪናዋ ስሟን ጥላ ከመጣችበት ቦታ ተነሥታ ሌላ ስም ባወጣችበት መንገድ ላይ መቀመጧን ለሽማግሌው በስልክ ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም «እሱን ተወውና የእጅ መዘውሯ ዞረ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አልዞረም።

ጥቅምት 19

መዘውሩ ጨርሶ አይነቃነቅም። የጎኗን ክዳን ፈትቼ ባየሁ ጊዜ ዝገት ይሆናል ብዬ የጠበቅሁት ነገር ዝገት ሳይሆን ቢጫና ጠንካራ ሙጫ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ ባይታወቅም፣ የመኪና ዘይት ሲያልቅበት የምግብ ዘይት አጠጥቷታል። እኛ አገር በየቤቱ የሚገኘው የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ከሚደርቁት የዘይት ዓይነቶች አንዱ ስለሆነ፣ ለጥቂት ቀናት መኪናውን የሚያለሰልስ ቢመስልም ውሎ አድሮ መገጣጠሚያውን ሁሉ አጣብቆ ያስቀረዋል። የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን፣ እንደ ውኃ የጠራና የማይደርቅ ሆኖ የሚሠራው ለዚህ ነው።

በእያንዳንዱ የዘይት ቀዳዳና መገጣጠሚያ ላምባ በጠብታ እየጨመርኩ፣ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አኖራታለሁ። በመዶሻ ወይም በረጅም ብረት ለማስገደድ የሚመጣብኝን ፈተና ለመቋቋም መዶሻውን ወደ ሌላው ክፍል ወሰድኩት።

ጥቅምት 22

ዛሬ ጠዋት መዘውሩ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ሄዶ ቆመ። ማታ ግማሽ ዙር ዞረ።

ጥቅምት 24

ሙሉ ዙር ዞረች። መርፌ ያዡ ዘንግ ወጣ ገባ ሲል፣ ጨርቅ ሳቢው ጥርስም ከመደቡ በታች ብቅ ጥልቅ ሲል ማየት ደስ ያሰኛል። ሁሉንም ክፍል በላምባ አጥቤ፣ በጨርቅ ካደረቅሁ በኋላ ትክክለኛውን ዘይት ሰጠኋት። በጥቁሩ ቀለም ላይ ያለው ወርቃማ ሐረግ ከሰፊው ክንድ ጋር በሚነካካበት በኩል ብቻ ተፍቋል፤ እሱን መልሼ ለመሳል አልፈልግም። የተፋቀው ቦታ የተሠራበት ቦታ ነው።

ጥቅምት 28

መርገጫውን ከታችኛው ትልቅ መንኮራኩር ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፉ ተበልቶ ስለነበር በቶርኖ አዲስ የነሐስ ቀለበት አስወጣሁለት። ቶርኖ ቤቱ ለሁለት ሰዓት ሥራ አራት ቀን ወስዶብኛል፤ ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር የለውም።

ኅዳር 2

ጠፍር። ከታችኛው መንኮራኩር ወደ ላይኛው መዘውር ኃይል የሚያደርሰው ድቡልቡል የቆዳ ጠፍር ሲሆን፣ በላስቲክ ቺንጋ ልተካው ብሞክር ቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል። ከቆዳ ሠሪ ያስቆረጥኩትን ጠፍር በልኩ ለክቼ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ማያያዣ አገናኘሁት። ስህተቱ «በልኩ» የሚለው ላይ ነው፤ አዲስ ቆዳ ሲሠራበት ስለሚለጠጥ በሁለተኛው ቀን ላልቶ መርገጫው ብቻውን ሲወዛወዝ መዘውሩ ቆሞ ይመለከት ጀመር። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አሳጥሬ እንደገና አያያዝኩት። በመጀመሪያ ለጥጦ አሳድሮ በኋላ መቁረጥ እንደሚገባ ቆዳ ሠሪው የነገረኝ ገንዘቡን ከተቀበለኝ በኋላ ነው።

ኅዳር 5

ምስጥ የበላውን ጠረጴዛ የተካሁት በብረት ነው። ምክንያቴ ግልጽ ነበር፤ በረንዳ ላይ የሚውል ነገር ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅበታል፣ እኔም ብረት ሠሪ እንጂ እንጨት ሠሪ አይደለሁም። በቱቦላሬ ፍሬም በይጄ ላዩን ላሜራ አለበስኩት፣ አንቲረስትም ቀባሁት፤ እንደ ሥራ ከሆነ ንጹሕ ሥራ ነው። ዛሬ ጭንቅላቷን አስቀምጬ፣ መርፌውን አውጥቼ፣ ጨርቅ መጫኛውን እግር ወደ ላይ አንሥቼ ረገጥኳት። መጫኛውን ማንሣቱ ግዴታ ነው፤ በመካከል ጨርቅ ከሌለ ጥርሱና መጫኛው ብረት ለብረት እየተፋጩ ይበላላሉ።

ጮኸች። ሥራ ቤቱ በሙሉ ጮኸ። ሽማግሌው በሠርግ ልብስ ሥራ ተወጥረው ሳለ ለምኜ አመጣኋቸውና ቆመው አዳመጡ። ከዚያም እጃቸውን ላሜራው ላይ አኑረው «ይሄ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ነው ልጄ» አሉኝ። «መኪናዋ ደህና ናት፤ ድምፁ ግን የእርሷ አይደለም።»

ልዩነቱ ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ሊገልጹልኝ አልቻሉም። «ስትሰማው ታውቀዋለህ» ብቻ አሉ፤ እኔ ግን ሰምቼው አላውቅም ይሆን?

ኅዳር 8

ዛሬ ሰማሁት።

ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም በመኪና ግርግር ስወርድ መብራት ጠፋ። በሞተር የሚሠሩት መኪኖች አንድ ላይ ጸጥ አሉ፤ ሰፊዎቹም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ወሬ ጀመሩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከታች፣ ወደ ጊድር መጋላ በኩል፣ በእግር የሚሠሩ ሦስት መኪኖች ሥራቸውን እንደ ቀጠሉ ተሰማኝ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ድምፃቸው በሞተሮቹ ጩኸት ተውጦ ነበር። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል፤ ሦስቱም የተገናኙ እንደሆነ ድምፁ በድንጋዩ ግድግዳዎች መካከል እየተንከባለለ ወደ ላይ ይወጣል። መንገዱ ጠባብና ቁልቁል በመሆኑ ሁለቱ ግድግዳዎች እንደ ቧንቧ ሆነው ያደርሱታል።

ወደ ሥራ ቤት ተመልሼ ነገሩን በቁጥር ለመያዝ ሞከርኩ። የታችኛው መንኮራኩር ዲያሜትር 32 ሳንቲ ሜትር፣ ጠፍሩ የሚቀመጥበት የላይኛው ቦይ ዲያሜትር ደግሞ 7.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ እግር አንድ ጊዜ ወርዶ ሲወጣ መርፌው ከአራት ጊዜ በላይ ይወጋል። ካየኋቸው ሰፊዎች አንዱን በሰዓት ስቆጥርለት በደቂቃ 120 ጊዜ ያህል ይረግጣል። ይህም በደቂቃ ወደ 512 ስፌት፣ በሴኮንድ ስምንት ተኩል ያህል ይሆናል። የፋብሪካ ዓይነት የሞተር መኪና በአንጻሩ በሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 5,000 ስፌት ገደማ ሊሠራ ይችላል፤ በሴኮንድ ከ80 በላይ ማለት ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 በታች የሆኑ ምቶችን እየለየ ሲሰማ ከዚያ በላይ የሆኑትን ግን አዋሕዶ እንደ አንድ ዜማ ይሰማቸዋል። ስለዚህ የእግር መኪና ይንገረገራል፣ የሞተር መኪና ግን ያፏጫል። ይህ መንገድ በሞተር ዘመን ስም ቢወጣለት ኖሮ ስሙ ግርግር ሊሆን አይችልም ነበር።

ከዚህ ያለፈው የራሴ ግምት ነው፤ ቢሆንም ልጻፈው። እግር መርገጫውን ሲጫን መንኮራኩሩ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ሲያልቅ ይዘገያል፤ በእያንዳንዱ ግፊት ውስጥም አራቱ ስፌቶች መጀመሪያ ተጠጋግተው፣ በኋላ ተራርቀው ይመጣሉ። ለጆሮ አራት ምት ሆኖ ሳይሆን አንድ የተንከባለለ ድምፅ ሆኖ ነው የሚደርሰው። «ግ» የምንለው የእግሩ ምት ነው፤ ምላስ የምታንቀጠቅጠው «ር» ደግሞ የመርፌው ነው። እግር በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ይወርዳልና ግር፣ ግር ይላል። ቃሉ ትርምስ የሚል ፍቺም ስላለው ለገበያ መንገድ ይበልጥ ተስማማ እንጂ፣ ስም አውጪው መጀመሪያ የጻፈው የሰማውን ነው ባይ ነኝ።

ታዲያ የእኔዋ መኪና እግርም መርፌም ያላት ሆና ሳለ ለምን እንደ ዝናብ ጮኸች? መልሱ ከሽማግሌው እጅ ላይ ነበር፤ እርሳቸው የዳሰሱት መኪናዋን ሳይሆን ላሜራውን ነው። ላሜራው ለእያንዳንዷ ምት ለብቻው እየጮኸ በምቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል።

ኅዳር 14

የብረት ጠረጴዛዬን አፍርሼ ከአናጢ ዘንድ የዋንዛ ጣውላ አሠራሁ። ውፍረቱ ሦስት ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው። አናጢው አብሮ በመሥራት ለጠፋው መሳቢያ ምትክ አበጀለት፤ እኔ መሳቢያ ለማንም ስለማያገለግል ይቅር ብዬው ነበር፤ እርሱ ግን «ጎደሎ ዕቃ ከቤቴ አይወጣም» ብሎ ሠራው። ጥሩ አድርጓል። ጭንቅላቷን በጣውላው ላይ አኑረን ስረግጣት ድምፁ ወፍሮ፣ ለስልሶ፣ ምቱም ተለይቶ መጣ። ሁለቱን መሳቢያዎች አውጥቼ ስሞክር ሳሳ፤ መልሼ ሳስገባቸው ተመለሰ። ባዶዎቹ መሳቢያዎች እንደ ከበሮ ሆድ ያገለግላሉ ማለት ነው።

ሽማግሌው መጥተው አልሰሟትም። በስልክ አስጠጋሁላቸውና ሁለት ጊዜ «እንደገና» ካስባሉኝ በኋላ «ወደ ቤቷ አምጣት» አሉ።

ኅዳር 17

አንድ ከንቱ ሥራ። ሕፃናት መርገጫውን ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ እንደሚያስነሡት ስለማውቅ፣ መዘውሩ ወደ ኋላ እንዳይዞር ከአሮጌ ብስክሌት የወሰድኩትን የኋላ ጎማ ማርሽ ገጠምኩላት። በትክክል ሠራ፤ ነገር ግን እግር ባረፈ ቁጥር የብስክሌቱ «ጭር» የሚል ድምፅ ይከተላል። ስፌት ሳይሆን ቁልቁለት የሚወርድ ብስክሌት ሆነች። ፈታሁት። ወደ ኋላ መዞር የሚጎዳው ክር ሲኖር ተጠምዞ ስለሚበጠስ ነው፤ ክርም መርፌም በሌላት መኪና ላይ ምንም ጉዳት እንደሌለው ቀድሞ ሊታየኝ ይገባ ነበር።

ኅዳር 20

የሕፃናትን ጣት ከጠፍሩና ከመንኮራኩሩ የሚጠብቅ የሽቦ ከለላ በየድኩ። ከለላው እንዳይንቀጫቀጭ በአራቱ ቡሎኖች ሥር የጎማ ሮንዴላ አስገባሁ፤ ከላሜራው የተማርኩት ይህን ነው።

ኅዳር 23

አቀማመጥ። የመጀመሪያው ሐሳቤ እግሯን በግድግዳው ላይ በቡሎን ማሰር ነበር፤ ሁለት ምክንያቶች ከለከሉኝ። መንገዱ የሚገኘው በጁገል ውስጥ ነው፤ ጁገል የሚለው ስም አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያስገነቡት ግንብ ብቻ ሳይሆን በግንቡ የታቀፈው 48 ሄክታር ከተማ መጠሪያ ጭምር ነው፤ ይህም በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ስለተመዘገበ ማንም እንደፈቀደው ግድግዳ አይበሳበትም። ሁለተኛው ምክንያት የሙያ ነው፤ የቆየ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ቡሎን አይዝም፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ከታሰረበት ደግሞ ጭቃው እየረገፈ ድንጋዩ ይላላል። ስለዚህ መኪናዋ ግድግዳውን ሳትነካ በራሷ እግር ትቆማለች። በረንዳው ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ሱቁ በር 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ጭነት ያላቸው አህዮችም ሲያልፉ ገደቡን ስለማያከብሩ፣ ጠረጴዛውን በጠባቡ ጎኑ ወደ መንገድ አዞርኩት።

ወደ የት ትመልከት የሚለው ከሽማግሌው ጋር አከራከረን። እንግዳው የሚመጣው ከላይ ነው፤ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በኋላ በራስ መኮንን ዘመን በተከፈተው፣ መኪና በሚያስገባው ስድስተኛ በር ገብቶ፣ በአንደኛ መንገድ አድርጎ ፈረስ መጋላ ይደርስና ቁልቁል ይወርዳል። እኔም ፊቷን ወደ ላይ ልመልስ ብዬ ነበር። ሽማግሌው ግን ገበያተኛው በኤረር በር ገብቶ፣ ጊድር መጋላን አልፎ ከታች እንደሚመጣ፣ ጨርቅ ገዝቶ የሚያሰፋውም ጎብኚው ሳይሆን እርሱ እንደሆነ አስታወሱኝ። ለገበያተኛው የመኪና ግርግርን ትርጉም ማስረዳት ምን ይጠቅመዋል ብዬ ልመልስላቸው ከጀመርኩ በኋላ ተውኩት። በረንዳው የእርሳቸው ነው። ደግሞም ድምፅ ፊትና ጀርባ የለውም።

ኅዳር 30

ዛሬ ጠዋት አወጣናት። ለሰባት ቀን ያህል የምታየውን ለመመዝገብ ወስኜአለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሥራ ቤቴ መራቅ አልችልም።

የመጀመሪያዋ ረጋጭ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ናት። ሁለት እግሯን አንድ ላይ መርገጫው ላይ አድርጋ ስትዘል መንኮራኩሩ ወዲያና ወዲህ ከማለት በቀር አልዞር አላት። ከጎን ያለው ወጣት ሰፊ «ተረከዝና ጣት ነው እንጂ ዝላይ አይደለም» ብሎ መዘውሩን በእጁ አስጀመረላት፤ ቀጥሎ የሚሆነውን አላየሁም፤ ምክንያቱም ዓሥር ያህል ልጆች ከበቧት።

ታኅሣሥ 3

የመርገጫው ቡሎን ላልቶ ወደቀ። ድርብ ዳዶ አሰርኩለት።

ከፈረስ መጋላ አንድ አዛውንት የታክሲ ሹፌር መጥተው ተከራከሩኝ። በሐረር ለብዙ ዘመን በታክሲነት ያገለገለችውን ፔዦ 404 ነድተዋል፤ ይህች መኪና እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የወጣች፣ ፈረንሳይ ውስጥ መመረቷ እ.ኤ.አ. በ1975 ካበቃ በኋላም በእኛ ከተማ ስትሠራ የኖረች ናት። «ግርግሩ የፔዦ ነው፤ አደባባዩን የሞላነው እኛ ነን» አሉኝ። አደባባዩንስ እንደሞሉት፣ ነገር ግን ስሙ የአደባባዩ ሳይሆን ሁለት መኪና ሊተላለፍበት የማይችለው የዚህ ቀጭን መንገድ መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት አስበው መርገጫውን በአንድ እግራቸው ነካ ነካ አደረጉና «ይቺም ቫልቮቿ መስተካከል አለባቸው» ብለው ስቀው ሄዱ። እንዳልተረቱ ግልጽ ነው።

ታኅሣሥ 5

ጎብኚዎች ፎቶ ያነሧታል፤ የሚረግጧት ግን ጥቂቶች ናቸው። እንዲረግጡ ካልተነገራቸው ለዕይታ የተቀመጠች ይመስላቸዋል። ሽማግሌው «ይርገጡ» የሚል ጽሑፍ እንድለጥፍ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሰሌዳ ያልወደድኩት እኔ ስለሆንኩ አልመለስኩላቸውም። በመጨረሻ ወጣቱ ሰፊ መላ አገኘ፤ ከሞተሩ ላይ ሲነሣ ሁልጊዜ በአጠገቧ እያለፈ በእግሩ አንድ ሁለት ጊዜ ይነካታል። ያየ ሁሉ ይከተለዋል።

ታኅሣሥ 7

ያልታሰበ ነገር ሆነ። ዛሬ መብራት ለሁለት ሰዓት ያህል ሲጠፋ ወጣቱ ሰፊ ለማታ ማስረከብ ያለበት ሱሪ ነበረውና መኪናዋን ዓይቶ ዓይቶ «መርፌዋ የት ነው?» አለ። የሥር ክር መጠቅለያው በመሳቢያው ውስጥ፣ መርፌው ግን ሥራ ቤቴ ውስጥ በጣሳ ነበር።

ሽማግሌው ከኮታቸው ክፈፍ ላይ የሰኩትን የመኪና መርፌ ነቅለው ገጠሙ፣ ክር አስገቡ፣ ጨርቅ መጫኛውን አወረዱ። ከዚያ ወጣቱን አስነሥተው ራሳቸው ተቀመጡና የሱሪውን ጎን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜም ሳያቆሙ ሰፉት። ከበድ ያለው ጨርቅ ሲገባ ድምፁ እኔ ከሠራሁት ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ደረቅ ምቱን ጥሎ መጣ፤ ለካ እስከዛሬ ያሰማኋት ሥራ ፈት ስትሆን የምታወጣውን ነው። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ መርፌውን አውጥተው ወደ ኮታቸው መለሱት፤ መጫኛውንም አነሡ። ልጆቹ ወዲያው ተመልሰው ከበቧት።

ታኅሣሥ 9

የሥራው ቀሪ ዝርዝር አጭር ነው። ጣውላው ከላይ ሁለተኛ እጅ ቫርኒሽ ይፈልጋል፤ ጠፍሩ ለሦስተኛ ጊዜ ላልቷል፤ ዘይት በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጨመራል፣ ጠርሙሱንም «የኑግ አይደለም» ብዬ ጽፌበት በግራው መሳቢያ አኑሬዋለሁ። የቀኙ መሳቢያ ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ድምፁን የሚያወፍረው እርሱ ነው። ማታ ማታ ወደ ሱቁ ውስጥ የሚያስገቧት ሁለት ሰዎች ስለሚያስፈልጓት በእግሮቿ ሥር አራት ትንንሽ ጎማ ልገጥምላት አስቤ፣ ለሽማግሌው ብነግራቸው «አይሆንም፤ ጎማ ካወጣች እኮ ያ ሹፌር ረታን ማለት ነው» አሉኝ። ጎማው ቀርቷል።